ዲፒሪቪው ተዘግቷል ወይ? ያገለገለ 6ዲስ በምን ይመዘናል?

ጥያቄው ከሸዋ ሮቢት ነው። ጠያቂው ሠርግና ክርስትና የሚያነሳ ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ደብረ ብርሃን አንድ ሰው ጋ ያገለገለ ካኖን 6ዲ አግኝቻለሁ። ድሮ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ካሜራ የሚገመግመውን ድረ ገጽ፣ ዲፒሪቪውን አነብ ነበር። ተዘግቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? ከተዘጋስ ካሜራውን በምን ልመዝነው? ዩቲዩብ ላይ ስለ 6ዲ የሚያወራ ሰው ጠፍቷል።»

ወንድሜ፣ አልተዘጋም። ሊዘጋ ግን አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። አንተ የሰማኸው የወሬውን የመጀመሪያ ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ እኛ አካባቢ ብዙም አልተሰማም።

ዲፒሪቪውን በ1998 የጀመረው ፊል አስኪ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የካሜራ ዕድሜ በዚያ ስለሚቆጠር። በ2007 አማዞን ገዛው፤ ኋላም ሥራው ወደ ሲያትል ዞረ። ሻጩ ራሱ የመዛኙ ጌታ ሆነ ማለት ነው። ይህ ብዙ ሰው አስጠርጥሮ ነበር። እኔ ግን ጽሑፎቹን ለዓመታት ሳነብ ለሻጭ ሲያደሉ አላየሁም። ድክመት ካለ ድክመት ብለው ይጽፋሉ። ጣጣው የመጣው በሌላ በኩል ነው። መዛኙ የሻጩ ተቀጣሪ ከሆነ፣ ሻጩ ወጪ ሲቀንስ እሱም አብሮ ይቀነሳል።

የሆነውም ይኸው ነው። አማዞን 2023 እንደገባ ከ18,000 በላይ ሠራተኛ እንደሚያሰናብት ተናገረ። መጋቢት ላይ ሌላ 9,000 ጨመረበት። በእኛ መጋቢት 12 ቀን 2015 ደግሞ የዲፒሪቪው መዘጋት ታወጀ። ሚያዝያ 2 ሥራ ያቆማል፤ ገጾቹም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ለንባብ ይቆያሉ ተባለ። 25 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው።

ስልክ ነው የበላው የሚል ሰው ታገኛለህ። ውሸት አይደለም። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ቁጥር፣ በ2010 ከፋብሪካ የወጣው ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2022 ወደ 8 ሚሊዮን ወርዷል። ከአሥራ አምስቱ አንዱ ቀረ ማለት ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ካሜራ ነው ሙልጭ ብሎ የጠፋው። በየልደቱ ብልጭ ብልጭ የሚለው፣ ዲያስፖራ ዘመድ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው። ያን ገዝቶ የሚያነብ ሰው ከሌለ አንባቢም ይቀንሳል። ግን ከዚያ በኋላም የሚያነበው ሰው ጥቂት አልነበረም። የመዝጋቱ ውሳኔ ከሂሳብ ጠረጴዛ ላይ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

ዜናው እንደተሰማ ሩጫ ሆነ። አርካይቭ ቲም የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች የሃያ አምስት ዓመቱን ጽሑፍና ፎቶ ሳይጠፋ ለመገልበጥ ተረባረቡ። በቪዲዮ የምታውቃቸው ክሪስ ኒኮልስና ጆርዳን ድሬክ ፔታፒክስል ወደሚባል ሌላ የፎቶ ድረ ገጽ ሄዱ። ሚያዝያ 2 መጣ፣ አለፈ፤ ገጹ ግን አልጠፋም። ከዚያ በእኛ ሰኔ 13 ጊር ፓትሮል የሚባል የአሜሪካ ሚዲያ ድርጅት ገዛው። ሥራው ቀጠለ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ፦ ክፈተው፣ አለ።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ሰው ሁሉ ያኔ የተንጫጫው ስለ አዲስ ካሜራ ማን ይነግረናል ብሎ ነው። እኛን የሚነካን ግን እሱ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሜራ ከካርቶኑ አውጥቶ የሚገዛ ስንት ሰው ታውቃለህ? እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣው አብዛኛው ካሜራ አሥር ዓመት ያለፈው ነው። ዱባይ ዞሮ፣ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት እጅ ቀይሮ ነው ደብረ ብርሃን የሚደርሰው። ስለዚያ ካሜራ ዛሬ ቪዲዮ የሚሠራ የለም፤ ቢሠራም የሚሸጥለት ነገር የለውማ። እኛ የምንፈልገው የድሮውን ገጽ ነው። የ2012ቱን፣ የ2014ቱን። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ከሲያትሉ ሰው ይልቅ የሚጎዳው የመሐል ሜዳው ፎቶ አንሺ ነበር።

ምን ማለቴ እንደሆነ በኒኮን ዲ600 ላሳይህ። በ2012 የወጣ፣ ለዋጋው ግሩም የሆነ ካሜራ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሲያነሱ ሴንሰሩ ላይ፣ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል ላይ ማለት ነው፣ ነጠብጣብ ይጥሉ ነበር። በተለይ ከፎቶው ግራ በላይ በኩል። ትጠርገዋለህ፣ ጥቂት መቶ ታነሳለህ፣ ተመልሶ ይመጣል። ዲፒሪቪውና መሰሎቹ ጻፉት፤ ገዢው ጮኸ። ኒኮን በ2013 ዲ610ን አወጣ። በ2014 ደግሞ የዲ600ን ሻተር፣ ሴንሰሩ ፊት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ በነጻ ፈትሾ እንደሚቀይር አስታወቀ። አሁን አንድ ደላላ ዲ600 በርካሽ ይዞ ቢመጣ ምን ይልሃል? «አቧራ ነው፣ ይጠረጋል» ነው የሚልህ። የድሮውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሻተሩ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም? በዚህች ጥያቄ ብቻ ወይ ዋጋው ይወርዳል ወይ ደላላው ይሄዳል።

የአንተን ስናይ፣ 6ዲም የ2012 ካሜራ ነው። ሙሉ ፍሬም፣ 20.2 ሜጋፒክስል። የድሮውን ግምገማ ስታነብ መጨረሻ ላይ ያለውን የመቶኛ ነጥብ እለፈው። ነጥቡ የተሰጠው ከዚያ ዓመት ተፎካካሪዎች ጋር ተነጻጽሮ ነው። ዛሬ 2012 ላይ አይደለህም። ይልቅ ድክመት ብለው የዘረዘሩትን ቁጭ ብለህ አንብብ። ድክመት አያረጅም።

የ6ዲን ድክመት እኔም ልንገርህ። የፎከስ ነጥቡ 11 ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱም የሚታመነው የመሐሉ ነው። እሱ ግን ጎበዝ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ሌላው ካሜራ ሲዋዥቅ ይይዛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ተክሊል ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሜሞሪ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ካርዱ ከተበላሸ የሰው ሠርግ አብሮ ሄደ፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርድ ከመያዝ ትንንሽ ካርዶችን እየቀያየርክ ሥራ። ከራሱ ጋር ፍላሽ የለውም። ተራ ፍላሽ ስትሰካ ሻተሩ ከ1/180 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም።

ሌላው ደግሞ ለአንተ አገር ነው የሚብሰው። የሻተሩ የፍጥነት ጫፍ 1/4000 ሰከንድ ነው። ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ሆኖ፣ የሌንስህን ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ 1.8 ላይ ብትከፍት ብርሃኑ ይበዛበታል። 1/8000 ያስፈልግህ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ከሆንክ 2.8 ላይ ዝጋ፣ ወይም ሙሽሮቹን ዛፍ ጥላ ውስጥ አስገባ። ዛፉ ይሻላል፤ ቀትር ላይ ዓይናቸው ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል።

ሻጩ «ማርክ ቱ ልጨምርልህ» ካለህ ቶሎ አትጓጓ። 6ዲ ማርክ ቱ በ2017 ሲወጣ ሰው ሁሉ የተከፋበት ምክንያት ነበር። ዝቅተኛ አይኤስኦ ላይ ጥላውን ስታበራው የሚወጣው ምስል ከእኩዮቹ ያነሰ ነው። የሚታጠፍ ስክሪንና ለቪዲዮ ጥሩ ፎከስ አለው፤ ቪዲዮ የምትሠራ ከሆነ ያዋጣሃል። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ለስሙ ነው የምትከፍለው።

ዲፒሪቪው ላይ ካለው ሁሉ እኔ የምወደው የስቱዲዮ ማነጻጸሪያውን ነው። አንድ የተዘጋጀ ትዕይንት አለ። ቀለም፣ ክር፣ ደቃቅ ጽሑፍ፣ የሰው ፊት አለበት። ያንኑ ትዕይንት በየካሜራው ያነሱታል፤ ከዚያ አንተ አራቱን ጎን ለጎን አድርገህ ታያለህ። ሁሉም በአንድ ቁና ነው የሚሰፈረው። ስትከፍተው መጀመሪያ ከጄፔግ ወደ ሮው፣ ወዳልተነካካው ጥሬ ምስል፣ ቀይረው፤ ጄፔግ ላይ ካሜራው ራሱ ያሳምረዋል። ከዚያ የደብዛዛውን ብርሃን ምረጥ፣ አይኤስኦ 3200 እና 6400 ላይ አድርግና ክሩን ተመልከት። ክሩ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍም ይታያል። በ100 ያለውን ማየት ትርፉ ድካም ነው፤ እዚያ ሁሉም ቆንጆ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ስለ 6ዲ ዓይነት ነው። አንተ የምትገዛው አንዱን ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ ከማን እጅ ወጥቶ ምን እንዳየ አይታወቅም። እዚህ ላይ የትኛውም ግምገማ አይረዳህም፤ ራስህ ነህ የምትመዝነው። ስትሄድ የራስህን ሜሞሪ፣ የራስህን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና የስልክ ባትሪ መብራት ይዘህ ሂድ። የሻጩን ሱቅ ብርሃን አትመን። ውጭ እንውጣ በል። እምቢ ካለ ሌላ ካሜራ ፈልግ።

መጀመሪያ ሰማዩን አንሳ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸሩን 16 ላይ ዝጋው፣ ፎከሱን በእጅ አድርገህ አደብዝዘው። ደብረ ብርሃን ደመና አይጠፋም፤ ነጭ ደመና ከሆነ በጣም ጥሩ። ከዚያ ፎቶውን አጉልተህ ከጥግ እስከ ጥግ ሂድበት። ጥቁር ነጥብ ካየህ አቧራ ነው፤ አትደንግጥ፣ ይነፋል። በአፍህ ግን እንዳትነፋ፤ ምራቅ ያገኘው ሴንሰር ነው እኔን በጣም የሚያስቸግረኝ። ቀጭን መስመር ካየህ ግን፣ ከተነፋም በኋላ እዚያው ካለ፣ ተጭሯል። ያኔ አመስግነህ ውጣ።

ቀጥሎ ሻተሩ። ብርሃን የወደቀበት ነጭ ግድግዳ ፈልግ። 1/4000 ላይ አድርገህ በተከታታይ ልቀቅበት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያቸው። ከላይ ወይም ከታች በኩል የጠቆረ መቀነት ካለ፣ ወይም አንዱ ደምቆ አንዱ ጠቁሮ ከወጣ፣ ሻተሩ ደክሟል። ኤረር 30 የሚል ከወጣ ደግሞ ጨርሷል። አንዳንድ ሻጭ «ባትሪ አውጥተህ ስትመልሰው ይተወዋል» ይላል። ይተወዋል፤ ተክሊሉ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

«ስንት ክሊክ ሄዷል?» ማለትም ሻተሩ ስንት ጊዜ ተተኩሷል ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። ኒኮን ከሆነ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ካኖን 6ዲ ግን ፎቶው ላይ አይጽፈውም። በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። ሻጩ በቃል የሚነግርህን ቁጥር እንደ ሰላምታ ቁጠረው። ካኖን ለ6ዲ ሻተር የሰጠው ዕድሜ 100,000 ክሊክ ነው። አንድ ሠርግ ላይ 2,000 ብታነሳ በ50 ሠርግ ደረስክ ማለት ነው፤ የሠርግ ቤት ካሜራ ከሆነ ቶሎ ነው የሚሞላው። 100,000 ያለፈ ካሜራ ግን ሞቷል ማለት አይደለም። በእጥፉ የሚሠራ አይቻለሁ። ዋጋው ላይ ግን ይታሰባል፤ ሻተር መቀየር ርካሽ አይደለም፤ ክፍሉም ከሞተ ካሜራ ተነቅሎ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው።

ፎከሱን በጋዜጣ ፈትን። ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፣ ጎንበስ ብለህ በሰያፍ እየው። ሌንሱን 1.8 ላይ ክፈት፣ በመሐሉ ነጥብ አንድ መስመር ያዝና አንሳ። የተሳለው የያዝከው መስመር ነው ወይስ ከፊቱ ያለው? አሁን ደግሞ በላይቭ ቪው፣ በስክሪኑ እያየህ ያንኑ መስመር አንሳ። በስክሪኑ ስል ሆኖ ዓይንህን አስጠግተህ በምታይበት መመልከቻ ከደበዘዘ መፍትሔ አለው፤ 6ዲ ሜኑ ውስጥ ለየሌንሱ የሚስተካከልበት ቦታ አለ። በሁለቱም ከደበዘዘ ችግሩ ሌንሱ ሳይሆን አይቀርም።

ባትሪውን ሜኑ ውስጥ ገብተህ የባትሪ መረጃ የሚለውን ክፈት። ሦስት አረንጓዴ ሣጥኖች ካሉ ጤነኛ ነው። አንድ ቀይ ብቻ ከሆነ አዲስ ባትሪ ዋጋ ላይ ተደራደር። ሌንስ ካለው መብራት ከኋላ አብራበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ አትንካው።

አሁን ሲያትል ያሉት ሰዎች ፈጽሞ ሊለኩልን ወደማይችሉት ነገር ልምጣ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአንተ ከተማ 1,280 አካባቢ ነው። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ያውም ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣህ በኋላ፣ ቁልቁል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። ካኖን ለዚህ ካሜራ የሰጠው የሙቀት ልክ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ አንተ በአንድ ቀን ሁለቱንም ጫፍ ልትነካካ ትችላለህ።

ብርድ ላይ ባትሪ ቶሎ ይወርዳል። ትርፉን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ጋቢህ ሥር፣ ደረትህ ላይ ያዘው። ሲሞቅ መልሶ ይሠራል። የባሰው ግን ቁልቁል ስትወርድ ነው። ጣርማበር ጉም ውስጥ የቀዘቀዘ ካሜራ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከቦርሳ ሲወጣ ወዲያው ያልበዋል። ሌንሱ ብቻ ቢሆን ትጠርገው ነበር፤ ውስጡም ያልበዋል። ከመኪና እንደወረድክ ዚፑን አትክፈት። ቦርሳው ተዘግቶ ጥላ ሥር ይቆይና ከሙቀቱ ጋር ይላመድ። ሙሽራው ቢጣደፍም አንተ አትጣደፍ። ቆላው ውስጥ ሌንስ መቀየር ካለብህ ደግሞ መኪና ውስጥ ገብተህ ቀይር፤ ንፋስ ያነሳው አቧራ ከሁሉ ቀድሞ ሴንሰር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ጉሙ ሌላም ያደርጋል። ካሜራ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ያጠቁረዋል። ጉም ላይ፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ላይ፣ ነጭ ድንኳን ውስጥ ሁሌ አንድ ነው፤ ሕዝቡ ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የብርሃን ማካካሻውን ከ2/3 እስከ 1 ከፍ አድርግ። ይህንንም ከመግዛትህ በፊት ሞክረው። ነጠላ የለበሰ ሰው ደጅ አቁመህ በየደረጃው አንሳና ፊቱን እይ። ከስቱዲዮ ትዕይንታቸው የቀረህን እዚያ ታገኘዋለህ። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ነጠላ፣ ያንኑ ደጅ ለሚቀጥለው ካሜራም ተጠቀምበት።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ዛሬ ኔትወርክ ጥሩ ሲሆን የ6ዲን ግምገማ ከነፎቶው ፒዲኤፍ አድርገህ ስልክህ ላይ አስቀምጠው። የካሜራውን መመሪያም ከካኖን አውርድ። የገጹ ባለቤት ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ነገም ሊቀየር ይችላል። አንድ ገጽ አልከፈት ካለህ የድሮ ድረ ገጾችን ገልብጦ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን አስገብተህ ፈልገው፤ ብዙው እዚያ ተገልብጦ ይገኛል። ለአዲስ ካሜራ ዩቲዩብን ተመልከት፣ ግን ሁለት የማይስማሙ ሰዎችን አዳምጥ። ሁሉም አንድ ነገር ካሉ አንድ ዕቃ ተልኮላቸው ሊሆን ይችላል።

6ዲው እነዚህን ካለፈ ግዛው። በዚህ ጊዜ ለሠርግ ለሚሠራ ሰው ከዚህ በዋጋ የሚሻል ብዙ የለም። ከመክፈልህ በፊት ግን የሰማዩን፣ የግድግዳውንና የጋዜጣውን ፎቶ ላክልኝ፤ አየዋለሁ። በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ እንደ ፋይል አድርገህ ላከው። እንደ ፎቶ ከላክኸው ያሳንሰዋል፤ የምንፈልገው ነጠብጣብም አብሮ ይጠፋል።